የሙሽራዋ የእጅ አንጓ

"አትወዛወዢብኝ!" አለች ሰፊዋ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች።

"አልተወዛወዝኩም፣ እማ። አንቺ ነሽ የምትጎትቺኝ።"

ሙሽራዋ በርጩማ ላይ ቆማለች። ነጩ ቬሎ ከትከሻዋ ወርዶ ወለሉን ነክቷል፤ እናቷ ከጎኗ ሆና ወገቡ ላይ የተረፈውን ጨርቅ በጣቶቿ ትሰበስባለች። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረም። ለሰው ልጅ ቬሎ ስትሰፋ የኖረች ሴት ለራሷ ልጅ ስትሰፋ እጇ ቢንቀጠቀጥ ማንም አይፈርድባትም። የዚችኛዋ እጅ ግን መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ምክንያቱ ደግሞ ሠርጉ አይደለም።

"አሁንም ሰፍቷል" አለች ስፒሎቹን ከአፏ አውጥታ። "ባለፈው ሳምንት እኮ ልክሽ አድርጌው ነበር።"

"ታዲያ ደስ አይልሽም? የሌላው ሰው ሙሽራ ዚፑ አልዘጋ ብሎ ያለቅሳል፤ ያንቺዋ ይሰፋታል።"

"ደስ ይለኛል እንጂ። ማን ደስ አላለኝም አለሽ?"

ከወዲያኛው ጥግ የጥልፍ መኪናው ድምፅ ቆመ። እዚያ የምትሠራው ጥልፍ ሠሪ ሱቁ ሲከፈት ጀምራ ሱቁ እስኪዘጋ ስለምታወራ "ሬዲዮ" ይሏታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች።

"ምን ደስ ይላታል!" አለች ሬዲዮ። "በየሳምንቱ ስትተረትር ስትሰፋ ክሩን ጨረሰችው። እኔ ብሆን ሙሽራዋን አስሬ ነው የማጎርሳት።"

"የራስሽ አሮብሽ የሰው ታማስያለሽ" አለቻት ሰፊዋ። " ያ የአንገት ጥልፍ ለሠርጉ ይደርሳል ወይስ ለመጀመሪያው ልጅ ልደት?"

ሦስቱም ሳቁ። ሰፊዋ እየሳቀች "እስቲ እጅሽን ዘርጊ" አለቻት። የቬሎው እጅጌ አንጓው ላይ በትንንሽ ቁልፎች የሚዘጋ ነው። ራሷ ለክታ፣ ራሷ ቆርጣ፣ እንደ ቆዳ እንዲለጠፍ አድርጋ ነበር የሰፋችው። አሁን ቁልፎቹ ሁሉ እንደተዘጉ እጅጌው ተንሸራቶ የልጅቷ መዳፍ ላይ ደረሰ።

ሰፊዋ ሳቋን አቆመች።

ስንት ሙሽራ ለክታለች። ሙሽራ ትከሳለች፤ ሆዷ ይገባል፣ ክንዷ ይቀንሳል፣ ፊቷ ይሾላል፤ ያለ ነገር ነው። የእጅ አንጓ ግን አጥንትና ጅማት ነው፤ ሰው ምግብ ቢቀንስ አንጓው በአንድ ሰሞን ዝም ብሎ አይከሳም። በጥቂት ቀን ውስጥ ሲጠብና ሲሰፋ ያየችው አንጓ የራሷን ብቻ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ፤ የእሷ ዓይን እንኳ ካየ ሰንብቶ ነበር፤ አላይም ያለው ልቧ ነው።

"ኡይ! ባቴን! ባቴን ያዘኝ!" ልጅቷ በአንድ እግሯ ቆማ የእናቷን ትከሻ ጨበጠች።

ሰፊዋ ቬሎውን ገልጣ ባቷን ማሸት ጀመረች። ጡንቻው ተኮማትሮ ድንጋይ ሆኗል። እንዲህ ያለውን መኮማተር ታውቀዋለች፤ ስንቴ ከአልጋ አስነስቶ ቤቱን አስዙሯታል። ልጅቷ ሲለቃት ውኃ ጠየቀች፣ ጠርሙሱን ተቀብላም ሳትተነፍስ ጨረሰችው።

"ይሄ ሁሉ ጥማት ከየት መጣ?" አለች ሬዲዮ።

"እንደኔ ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ስታወሪ ብትውዪ አንቺም ይጠማሻል" አለች ልጅቷ። ቀና ብላ ግን እናቷን አላየቻትም።

"በይ ቀስ ብለሽ አውልቂው" አለች ሰፊዋ።

ልጅቷ ወደ መጋረጃው ጀርባ ስትገባ፣ ሰፊዋ የልብስ ቁልፎች ወደሚቀመጡበት አሮጌ ቆርቆሮ ሄደች።

ነገሩ የጀመረው ልጅቷ ገና ስትድህ ነው። ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትቆርጥ ትውልና ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቦይ ተቆፍሮ ይገኛል። ጠዋት ፊቷ ያብጣል፤ ጣቷ ቀለበት አልቀበል ይላል። ልቧ ተመረመረ፣ ኩላሊቷ ተመረመረ፣ ጉበቷ ተመረመረ። "ምንም የለብሽም" አሏት። ላበጠ ሰው ምንም የለብሽም ማለት ውሸታም ነሽ ከማለት አይሻልም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም፣ ሊገላገላትም ይሆናል፣ ለጥቂት ቀን ብሎ ውኃ የምታስወጣ ትንሽ ነጭ ክኒን አዘዘላት። አንድ ቀን ሽንት ቤት ስትመላለስ ዋለችና በማግስቱ ጫማዋ ያለ ትግል ገባላት። በደስታ አለቀሰች።

ክኒኗ ስታልቅ እብጠቱ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ተመለሰ። ሰፊዋም "አያችሁ፣ ያለ እሷ አይሆንልኝም" አለች። አንዷ ሁለት ሆነች፤ ሁለቷ ሦስት። ፋርማሲው ውስጥ ያለው ሰውዬም ከለመዳት በኋላ ወረቀት መጠየቁን ትቶ፣ ገና በር ላይ ሲያያት እጁን ወደ መደርደሪያው መስደድ ጀመረ።

በቅርቡ ለሰፈሩ ክሊኒክ የተቀጠረች ወጣት ዶክተር ናት እውነቱን የነገረቻት። "ሲያቆሙ የሚመጣው እብጠት ክኒኗ ራሷ ያመጣችው ነው" አለቻት። "ኩላሊትዎ ሁልጊዜ ውኃ ስለሚወሰድበት መሰሰት ለምዷል፤ ክኒኗ ስትቀርበት ያገኘውን ሁሉ ያጠራቅማል። ቀስ እያልን እንቀንሳት። ያብጣሉ፣ አልዋሽዎትም፤ ግን ጥቂት ሳምንት ከታገሱኝ ይወርዳል። ካልተውዋት ደግሞ ፖታሲየምዎን አጥባ ልብዎን ታቆመዋለች።"

ሰፊዋ እልኸኛ ናት። ቀስ በቀስ የተባለችውን በአንድ ጊዜ አቆመችው። ሳምንት ሳይሞላ ዓይኗ አልገለጥ አለ፤ ደንበኞች "ማን መታሽ?" ማለት ጀመሩ፤ መቀሱ ጣቷ ላይ አልገባ አለ። ወደ ፋርማሲው በሩጫ ተመለሰች። ለዶክተሯም፣ ለልጇም ግን "አቁሜያለሁ፣ ተገላገልኩ" አለች። ልጅቷ ያን ቀን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ስማታለች።

ሰፊዋ ቆርቆሮውን ከፈተች። ቁልፎቹን በጣቷ ገለል አድርጋ የክኒኑን ካርቶን አወጣች። ትናንት የገዛችው ነው። ከላይ ያለው እሽግ የራሷ ነው፤ ጠዋት የዋጠችው ጎድሎታል። ከሥር ያለው ግን አንድም ፍሬ የለውም። ባዶ እሽጉ ካርቶኑ ሙሉ እንዲመስል ተስተካክሎ ተመልሶ ገብቷል።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ይህን ቆርቆሮ የሚከፍት ከእሷና ከልጇ በቀር የለም። ልጅቷ የምትወስደው እናቷ አቁሜያለሁ ካለችው ክኒን ነው፤ ስለዚህ እናቷ እንደዋሸች ታውቃለች። እናትም ይኸው አሁን የልጇን አወቀች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ሁለቱም እየተሳሳቁ፣ አንዷ ትከሳለች፣ አንዷ ታጠብባለች። ቬሎውን በየሳምንቱ ስታጠብብ የነበረው ውኃው በተመጠጠ ገላ ልክ ነበር። በኩራት ነበር ደግሞ! "የኔ ልጅ ወገብ" እያለች ለደንበኛ ሁሉ አውርታለች።

ከዚህም የባሰ ትዝ አላት። ልጅቷ የተመረቀች ዕለት ተረከዙ ረጅም ጫማ አልገባ ብሏት ስታለቅስ፣ ክኒኗን በጥርሷ ለሁለት ከፍላ የሰጠቻት ራሷ ናት። "ግማሽ ምን ያደርጋል" ብላ ነበር።

"እማ፣ ምን ሆነሽ ነው የተቀመጥሽው?" ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ቆማለች። ዓይኗ ቆርቆሮው ላይ ነው።

ሰፊዋ ክዳኑን ዘጋችው። "ቁልፍ እየፈለግኩ።"

ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሰችው። ልትጠይቃት ፈለገች፤ ግን "አንቺስ?" ትባላለች። ሬዲዮም ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣለች። የሙሽራው እናትም ልብሱን ለማየት ሊመጡ ነው። ማታ ቤት ሄደን፣ በር ዘግተን እነግራታለሁ አለች በሆዷ። ማታ ሩቅ እንዳልሆነ ራሷን አሳመነች።

የሙሽራው እናት ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "ቲቸር" ነው የሚላቸው። ከመጡ በኋላም ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፈተና እንደሚያስፈትን ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"እስቲ ልያት" አሉ። "እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባል የለ? ልጄ ሁለቱንም አይቶ ነው የመረጠው። አንቺን የመሰለች እናት ካላት እኔ ሐሳብ የለኝም።"

"ኧረ ይተዉኝ፣ ቲቸር" አለች ሰፊዋ። መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ እንቢ አላት።

ልጅቷ ቬሎውን ደግማ ለብሳ በርጩማው ላይ ወጣች። ዚፑ ተዘጋ፤ ወገቡ በስፒል ተያዘ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ቀለምሽ የት ሄደ፣ ልጄ?"

"ሙሽራ ምን ቀለም አላት!" አለች ሬዲዮ። "የኔን ሠርግ ፎቶ ቢያዩት የሞትኩ ነው የምመስልዎት።"

"ደህና ነኝ፣ ቲቸር። ትንሽ ብቻ…" ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "እማ። ልቤ ዘለለ።"

"ምን አልሽ?"

"ዘለለና… ቆመ መሰለኝ…"

ጉልበቷ ሲታጠፍ ሰፊዋ ከሥሯ ደረሰች። ክንዷ ላይ ስትወድቅ ክብደት አልነበራትም፤ ያ ነው ከሁሉ የበለጠ ያስፈራት። ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯታል። ዚፑ ስፒሎቹ ላይ ተቀርቅሮ አልወርድ አለ። ሰፊዋ መቀሱን አነሳችና ቬሎውን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ድረስ በአንድ እጅ ቀደደችው። ሬዲዮ ጮኸች፤ ለልጅቷ ይሁን ለጨርቁ አልታወቀም።

ክሊኒኩ ሲደርሱ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣለች። ክፍሉ ሁለት አልጋ፣ አንድ መጋረጃና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰዓት አለው። ነርሷ ደረቷ ላይ ሽቦዎቹን ለጠፈች፤ ማሽኑ ወረቀት መትፋት ጀመረ። ዶክተሯ፣ ያቺው ወጣት ዶክተር፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደችና ረጅም ጊዜ አየችው። 

"ከዚህ በፊት ልብሽን አሞሽ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የማቅጠኛ፣ የሆድ ማለስለሻ፣ ውኃ የሚያስወጣ፣ ማንኛውም ነገር?"

ልጅቷ በጎኗ የተቀመጡትን ቲቸር አየች። እጇን ይዘዋታል። ዶክተሯ ቀደም ብላ ውጭ እንዲጠብቁ ጠይቃቸው ነበር፤ "ልጄ ናት፣ የትም አልሄድም" ብለው እንቢ አሉ።

"ምንም አልወስድም" አለች ልጅቷ።

"ታስመልሻለሽ? ተቅማጥስ?"

"የለም።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እንግዲህ ስሚኝ። የልብሽ ምት ተዛብቷል። ፖታሲየምሽ የወረደ ይመስለኛል፤ የደሙ ውጤት ሲመጣ እናያለን። ለምን እንደወረደ ግን ደሙ ላይነግረኝ ይችላል። ምክንያቱን ካላወቅሁ ዛሬ ሞልቼልሽ ቤትሽ ትሄጃለሽ፤ ያው ነገር ደግሞ ይመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ከበርጩማ ላይ ወድቀሽ ላትነሺ ትችያለሽ። የማስፈራራሽ አይምሰልሽ።"

"ምንም አልወስድም አልኩ እኮ።" ድምጿ ቀጠነ።

ቲቸር "የለም ካለች የለም ማለት ነው" አሉ። "ይህች ልጅ አትዋሽም።"

ሰፊዋ በሩ አጠገብ ቆማለች። የራሷም ልብ አንዴ እየዘለለ፣ አንዴ እየቆየ ይመታል፤ ወራት ሆኖታል። ልጄ ትወስዳለች ብትል፣ ልጅቷ በአማቷ ፊት ሞታ ትገኛለች እንጂ አታምንም። ሌባ ትሆናለች፣ ውሸታም ትሆናለች። ዝም ብትል ደግሞ ዶክተሯ የነገረችው ይሆናል። ሽቦዎቹ የተለጠፉበትን ደረት አየችው። የአንገት አጥንቷ ወጥቷል። ይህን ገላ ነው ስትለካ የከረመችው። ፈራች፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ልጅቷን ስትወልድ እንኳ አልያዛትም።

"ዶክተር" አለች። "እኔ አላቆምኩም።"

ዶክተሯ ዞር አለች። "ምኑን?"

"ክኒኗን። አቁሜያለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ዛሬ ጠዋትም ውጫለሁ። ሦስት።"

"እማ፣ ተዪው!" አለች ልጅቷ።

"አልተውም። ቤታችን ውስጥ ያለው መድኃኒት ይሄ ነው፤ ሌላ የለም።" ከቦርሳዋ ካርቶኑን አውጥታ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከልጅቷ እግር አጠገብ አስቀመጠችው። ከሱቅ ስትወጣ መቼ እንዳነሳችው አታውቅም፤ ስትሄድ ሁሉ ትይዘዋለች። "መጀመሪያም ያቀመስኳት እኔ ነኝ። ምርቃቷ ዕለት። ጫማ እንዲገባላት ብዬ።" ወደ ልጇ ዞረች። "የኔን ተናግሬያለሁ። የቀረውን አንቺ ንገሪያት።"

 ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

"ቀለበት ካሰርን ወዲህ ነው" አለች። "ሁለት። ሰሞኑን ሦስት። ላቆም ሞክሬ ነበር፤ ፊቴ ሲያብጥ… ከሠርጉ በኋላ አቆማለሁ ብዬ ነው።"

"እኔም ከሆነ ነገር በኋላ አቆማለሁ ስል ነው አንቺ ያደግሽው" አለች እናቷ።

ቲቸር እጃቸውን ከልጅቷ እጅ አወጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጠረጉት፤ ቆሻሻ አልነበረውም። ሰፊዋ አሁን ተነስተው ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች። ቢሄዱም አትቀየማቸውም።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ነው ሳስተምር የኖርኩት" አሉ በመጨረሻ። "መድኃኒቱን ለሚደብቅ ምን እንደሚባል አላውቅም።" መነጽሩን አደረጉ። ለማንም አልሳቁም፣ ማንንም አልተቆጡም። እጃቸውንም ወደነበረበት አልመለሱትም፤ ግን ከወንበሩ አልተነሱም።

ዶክተሯ ለነርሷ ቶሎ ቶሎ አዘዘች፤ ጉሉኮስ ተሰቀለ፣ ሌላ ነገር በመርፌ ገባበት። ከዚያ ወደ ሰፊዋ መጣችና የእጇን አንጓ ይዛ ምቷን ቆጠረች። ፊቷ ተቀየረ።

"እዚያኛው አልጋ ላይ ይውጡ።"

"እኔ ደህና ነኝ፣ እሷን…"

"ደህና አይደሉም። ዛሬ ሁለታችሁም የትም አትሄዱም።"

"እሷ ግን ትድናለች?"

ዶክተሯ ማሽኑን አየች። "እስከ ነገ ልቧ ከተረጋጋ ትድናለች። አሁን ሌላ ነገር ብልዎት ውሸት ይሆናል።"

ሰፊዋ አልጋው ላይ ወጣች። ሁለቱ አልጋዎች ይቀራረባሉ፤ እጇን ብትዘረጋ ልጇን ትደርስባታለች፤ ግን ልጅቷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ተኝታ ይሁን ሸሽታ አይታወቅም። ክኒኗ ከዛሬ ጀምራ ስትቀር የሚመጣውን ሰፊዋ በደንብ ታውቃለች። የራሷ ፊት ሊጥ ይሆናል። እግሯ ጫማ አይቀበልም። በሠርጉ ቀን፣ ሠርግ ካለ፣ ሰው ሁሉ እሷን አይቶ ይጠቋቆማል።

ስልኳ ጮኸ። ሬዲዮ ናት።

"እንዴት ናት? ተረፈች? አንድ ቃል ተንፍሺልኝ እንጂ!"

"ልቧን እየጠበቁላት ነው። ነገ ነው የሚታወቀው።"

"ኧረ በስመአብ! እኔ እኮ እዚህ እየተንቆራጠጥኩ… ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ ቬሎውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ። ጀርባው ተቀዷል፤ ግን የሚጠገን ነው። በምን ልክ ልግጠመው? በዛሬው?"

ሰፊዋ ወደ ጎን አየች። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ እያዳመጠች ነው። ቲቸርም ያዳምጣሉ።

"በዛሬው አይሆንም" አለች። "ያጠበብኩትን ሁሉ ተርትሪው፣ ወገቡንም እጅጌውንም። መጀመሪያ በለካናት ልክ ይሁን፤ በዚያም ላይ ጨርቅ ጨምሪበት፤ ታብጣለች።"

"እንዴት ነው ሙሽራ የምታብጠው?"

"ታብጣለች አልኩሽ። ስሚ ደግሞ፣ ለእኔም አንድ ቀሚስ ቁረጪልኝ። እስከ መሬት የሚደርስ፣ እጅጌው ልቅ የሆነ።"

"ለሠርጉ የገዛሽው ጠባቡ ቀሚስ የት ሄደ? በምን ልክ ልቁረጥልሽ?"

"በልክ አትቁረጪው" አለች ሰፊዋ። "ብቻ ሰፊ ይሁን።"